ገፈርሳና መናገሻ ሱባ በአንድ ጠዋት፦ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ጨፌውንም እዩ

ማለዳ ተጓዥ
እሁድ፣ ከቀኑ 9፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ወፍ ማየት የፈለገ ወይ ባሌ ይውጣ ወይ ሐዋሳ ይውረድ የሚል ምክር ደጋግሜ አነባለሁ። ለባሌም ለሐዋሳም ክብር አለኝ። ግን ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቁ፣ በግማሽ ቀን፣ ሌላ አገር የማይገኙ ወፎችን ማየት ይቻላል። ዛሬ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ገፈርሳና መናገሻ ሱባ ነበርን። ያየነውን ልንገራችሁ።

ገፈርሳ በአምቦ መንገድ፣ ቡራዩን አለፍ ብሎ ያለው ግድብ ነው። ለከተማው የመጠጥ ውሃ ከሚሰጡት አንዱ ሲሆን በዕድሜ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ይበልጣል። ቦታው ከፍ ያለ ደጋ ስለሆነ የህዳር ጠዋት ቀልድ አያውቅም። 12 ሰዓት ላይ ስንደርስ ሳሩ ውርጭ ለብሷል። ጋቢ ያመጣ ጓደኛችን ከሁላችንም ብልህ ነበር።

እዚያ የሚደርስ ሰው ወዲያው ዓይኑን ውሃው ላይ ይተክላል። ውሃው ላይ በርግጥ ብዙ አለ። ግንባሩ ላይ ቀይ እብጠት ያለው ጥቁሩ ኩት፣ ምንቃሩ ቢጫ የሆነው ያገራችን ዳክዬ፣ ከአውሮፓና ከእስያ በረዶ ሸሽተው የመጡት ሾቨለርና ፒንቴል። ሾቨለርን በምንቃሩ ታውቁታላችሁ፣ ጫፉ ላይ ሰፋ ይላል። ፒንቴል ጭራው የሾለ ነው። ያምራሉ። ግን እነዚህን እንግዶች ግብፅም ህንድም ሄዳችሁ ታገኟቸዋላችሁ።

ሌላ ቦታ የማታገኙት ከውሃው ዳር፣ እርጥቡ ሳር ላይ ነው ያለው።

ሰማያዊ ክንፏን ዝይ እዚያ አገኘናት። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለችም። ከሩቅ ስትታይ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለባት፣ ብዙም ትኩረት የማትስብ ወፍ ናት። ስትቆም አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋ ላይ ታሳርፋለች። ስትራመድም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ናት። ላባዋ ወፍራምና ልል ነው፣ የደጋ ብርድ የሚያውቅ ላባ። ስሟን ያገኘችበት ሰማያዊ ቀለም በደንብ የሚታየው ስትበር ነው። እኛ ስናያቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ሳር እየጋጡ ነበር። ከብቶቹም አጠገባቸው ይግጣሉ። አንዱ ሌላውን አይረብሽም።

ከዝይዎቹ ጀርባ ደግሞ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ደረቱ ነጠብጣብ የሆነው ላፕዊንግ። እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሰው ሲጠጋው ይጮሃል፣ ተነስቶ ይዞራል፣ ተመልሶ ያርፋል። ትንሽ ራቅ ብሎ ጉሮሮው ብርቱካናማ ቢጫ ሆኖ ከሥሩ ጥቁር ማተብ ያሰረ የሚመስል ወፍ ጉቶ ላይ ወጥቶ ይዘምራል። የአቢሲኒያ ሎንግክሎው ይሉታል። እሱም ከዚህ አገር አይወጣም። ሦስቱም የሳር ወፎች ናቸው። ውሃው ባይኖር ሳሩ እርጥበት አያገኝም፣ እውነት ነው። ግን ኑሯቸው ጨፌው ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ወጨጫ ተራራ፣ ወደ መናገሻ ሱባ። ደኑን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ ይነገራል። በመግቢያው በኩል መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የተተከለ የፈረንጅ ጥድ ነው። ዛፎቹ በሰልፍ ቆመዋል፣ ከሥራቸው ቁጥቋጦ የለም፣ መሬቱን የደረቀ ቅጠል ሸፍኖታል። ቆመን ጆሯችንን ሰጠን። እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ድምፅ፣ ሌላ የለም። ካገር ጥዱ፣ ከዝግባውና ከወይራው ውስጥ ስንገባ ግን ነገሩ ተለወጠ።

ሶሪት ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየሮጠች አለፈችን። ስትቀመጥ አረንጓዴ ናት። ክንፏን ስትዘረጋ ቀዩ ፏ ይላል። ያ ቀይ ቱራሲን የሚባል፣ መዳብ ያለበት ቀለም ነው፣ ከሶሪት ዘሮች ውጭ በሌላ ወፍ ላይ አይታወቅም። ግንደ ቆርቁር ሰማን። ፊቷ ቢጫ የሆነውን በቀቀንም አየን፣ እሷም የኢትዮጵያ ብቻ ናት። የአቢሲኒያ ካትበርድ ደግሞ ሁለት ሆነው እየተቀባበሉ ሲያዜሙ ቆመን ቀረን። ግራጫ ወፍ ነው፣ ከጭራው ሥር ቀላ ያለ። መልኩን ብቻ ብታዩ ያን ድምፅ አትጠብቁም። ከላይ ጉሬዛዎቹ ቁልቁል ያዩን ነበር።

የምለው ይህን ነው። ብርቅዬዎቻችን ያሉት ሰው ባዶ መሬት ብሎ በሚያልፈው ጨፌና ባረጀ ያገር ዛፍ ውስጥ ነው። ጉዞ ስታቅዱ ለእነዚህ ጊዜ ስጡ።


ጀማሪዋ
እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡25

እንዴት ደስ የሚል ጽሑፍ ነው! እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ወፍ ማየት የጀመርኩት ከበረንዳዬ ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ማጅራቱ ነጭ የሆነ፣ ምንቃሩ በጣም ወፍራም ትልቅ ጥቁር ቁራ ጠዋት ጠዋት ጣሪያችን ላይ ይመጣል። እሱም ልዩ ነገር ነው ወይስ ተራ ቁራ? ሁለተኛ፣ መኪና ለሌለው ሰው ገፈርሳ በምን ይኬዳል?


ማለዳ ተጓዥ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡05

እህቴ፣ እሱ ተራ አይደለም። ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ የሚኖረው በአፍሪካ ቀንድ፣ በተለይ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ነው። በዓለም ላይ ካሉት የቁራ ዘሮች በትልቅነት ከግንባር ቀደሞቹ ነው። እኛ ቆሻሻ ገንዳ ላይ ስለምናየው ንቀነዋል እንጂ፣ እሱን ለማየት ብለው ውቅያኖስ ተሻግረው የሚመጡ አሉ። ጠዋት በሰማዩ ላይ እየጮሁ የሚያልፉት ትልልቅ ቡናማ አይቢሶችም፣ ጉሮሯቸው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለባቸው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የሉም። ስለዚህ በረንዳሽን አትናቂው።

ወደ ገፈርሳ፦ የሆለታ ሚኒባስ ያዢና ግድቡ ጋ አውርዱኝ በይ። ረዳቶቹ ቦታውን ያውቁታል። ለመመለስ መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ከተማ የሚሄደውን መያዝ ነው። መናገሻ ሱባ ግን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መንገዱም ኮረኮንች ነው። እዚያ በቡድን ሆኖ መኪና መኮናተር ይሻላል።


የደን ባለሙያ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። ስለ ተተከለው ደን ግን አንድ ነገር ልጨምር። የፈረንጅ ጥዱም ባሕር ዛፉም የተተከለው ለወፍ አይደለም። ለማገዶ፣ ለግንባታ፣ ለምሰሶ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን በእንጦጦ ዙሪያ የነበረው ዛፍ ተጨፍጭፎ ከተማው ማገዶ ሲያጣ መናገሻውን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር። ባሕር ዛፍ ባይመጣ አዲስ አበባ እዚህ መቆየቷ ያጠራጥር ነበር። ዛሬም ሴቶች ከእንጦጦ የሚሸከሙት ቅጠልና ጭራሮ የባሕር ዛፍ ነው። ያ ባይኖር ጭነቱ በሙሉ የሚያርፈው ያገር ጥዱ ላይ ነው። ስለዚህ የተተከለው ደን ጸጥ ቢልም፣ ጸጥታው ውስጥ ያገር ደኑን እየጠበቀልን ነው።

ደግሞም ሙሉ በሙሉ ወፍ አልባ አይደለም። አይቢሶቹ ማታ ማታ የሚያድሩት ትልልቅ ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ጭልፊቱም እዚያው ጎጆውን ይሠራል።


ማለዳ ተጓዥ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 5፡15

በጣም ጥሩ ነጥብ ነው፣ አመሰግናለሁ። በዚህ አንጣላም። ልዩነቱን የሚያመጣው ከዛፉ ሥር ያለው ይመስለኛል። ካገር ጥዱ ሥር ቁጥቋጦ አለ፣ ሐረግ አለ፣ የበሰበሰ ግንድ አለ፣ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ጣልቃ ጣልቃ ይገኛል። ነፍሳት የሚራቡት እዚያ ነው። ካትበርዷ ፍሬ ትፈልጋለች፣ ግንደ ቆርቁሩ የደረቀ ግንድ ይፈልጋል። በተተከለው ደን መሃል እንኳ ያገር ዛፍ ሲተውበት ለውጡ በጆሮ ይሰማል። እርስዎ በሙያው ስላሉ ልጠይቅዎት፦ የፈረንጅ ጥዱ ሲቆረጥ ቦታውን ባገር ዛፍ መተካት ይቻላል?


የደን ባለሙያ
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

ይቻላል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ያገር ጥድና ዝግባ ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለምሰሶ ሲደርስ ዝግባ ገና ችግኝ ይመስላል። ደግነቱ የፈረንጅ ጥዱ አጠገብ ያገር ደን ካለ፣ ወፎቹ ራሳቸው ፍሬ በልተው ዘሩን ይጥላሉ። ከብት ካልገባበትና ካልታጨደ ጥላው ሥር ያገር ችግኝ ይበቅላል። ሶሪትና ካትበርድ ስትቆጥሩ ደን ተካዮችን እየቆጠራችሁ ነው።


የሱሉልታዋ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። ይህን ክር ሳነብ ሆዴ ተላወሰ።

ልጅ ሆነን ክረምት ሲገባ ሜዳው በሙሉ ውሃ ይይዝ ነበር። ከቤታችን ደጃፍ እስከ ጎጃም መንገድ ድረስ ጨፌ ነው። ያቺ ዝይ በክረምት በመንጋ ትወርድ ነበር። አያቴ ዝይዎቹ ሲበዙ ዝናቡ ገና አልጠገበም ትል ነበር። ማንም አይነካቸውም። በእኛ አገር የዱር ዝይና ዳክዬ የሚበላ ሰው ስለሌለ ከሰው አይሸሹም ነበር። ለእንቁጣጣሽ ቄጠማ የምናጭደውም ከዚያው ነው። ጫማ አውልቀን፣ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ገብተን።

አሁን ሂዱና እዩት። አንዱ ጋ አጥር፣ አንዱ ጋ መጋዘን፣ ኮረብታው ላይ የድንጋይ ካባ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ቤት ውስጥ ይገባል። ሰው ሲሸጥም ሲገዛም ባዶ መሬት ነው ይላል። ባዶ አልነበረም። ከብታችን የበጋ ሳር የሚያገኘው እዚያ ነበር፣ ምንጫችን የሚሞላውም ከእሱ ነው። ወፎቹን ያኔ ስማቸውን አላውቅም ነበር፣ ሁሉም ለእኛ ሲምቢራ፣ በኦሮምኛ ወፍ፣ ናቸው። እናንተ ስትጽፉት ነው በዓለም ላይ ሌላ ቦታ እንደሌሉ የሰማሁት። ያኔ የነገረን ቢኖር ኖሮ እላለሁ።

ከሜዳው የተረፈ ቦታ ግን አለ። ጠዋት አሁንም ይጮሃሉ።


መምህር ነኝ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20

የሱሉልታዋ፣ ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። ሱሉልታ በዓለም የወፍ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም ያለው ሜዳ ነው። ክንፏ ነጭ የሆነው ፍላፍቴል፣ በጨፌ ሳር ውስጥ ተደብቃ የምትኖር የመዳፍ ያህል ወፍ፣ በኢትዮጵያ መጀመሪያ ከታወቀችባቸው ቦታዎች አንዱ ሱሉልታ ነው። ከዚያ ለረጅም ዓመታት ጠፋች ተባለ። እ.ኤ.አ. 1997 ግን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ አዲስ ዓለም አካባቢ ባለው በበርጋ ጨፌ ተገኘች።

ይህች ወፍ ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ናት። በዓለም ላይ ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። የምትታወቀውም በዋናነት በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ነው። በርጋ የምትመጣው በክረምት፣ ሳሩ አድጎ ውሃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ነው። መሬት ላይ ጎጆዋን ሠርታ እንቁላል ትጥላለች። ሳሩ ቀድሞ ከታጨደ ወይም ከብት ከገባበት ያ ዓመት አለቀላት።

ልብ የሚነካው የበርጋ ገበሬዎች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሠርቶ፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው የወፏን ጠባቂ ቡድን አቋቋሙ። በመራቢያዋ ጊዜ ከብት ከጨፌው ይታገዳል። ከዚያ በኋላ ሳሩ ይታጨዳል። ሳሩ አድጎ ሲታጨድ የሚገኘው ድርቆሽም ለከብቱ ይበጃል። ለእኔ ትልቁ ትምህርት የወፏና የገበሬው ጥቅም አንድ ወቅት ላይ መገናኘቱ ነው። ሱሉልታ ላይም ይህ ሊሆን የሚችል ይመስለኛል፣ የቀረው ጨፌ አጥር ሳያገኘው።


ካሜራ ያዥ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡50

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ባለፈው ሳምንት ግድቡ ዳር ያነሳሁት ዝይ አለ፣ ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ነው፣ እግሩ ሮዝ ይመስላል። ሰማያዊ ክንፏ ናት? ሌላው፣ ካትበርድን ለማውጣት ድምፅዋን በስልክ ማጫወት ችግር አለው? አንዳንዶች ሲያደርጉት አይቻለሁ።


መምህር ነኝ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡15

ወንድሜ፣ ያነሳኸው የግብፅ ዝይ ነው። ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ምልክትና ሮዝ እግር የእሱ ነው። ቁመቱም ይበልጣል። ሰማያዊ ክንፏ ዝይ ምንቃሯም እግሯም ጥቁር ነው፣ ምንቃሯ ትንሽ ናት፣ ፊቷ ላይ ምልክት የላትም። ሁለቱ አብረው ስለሚቆሙ እግር ማየት ልመድ።

ድምፅ ማጫወቱን እባክህ ተወው። ወፏ የምትመጣው ሌላ ባላጋራ ክልሏ ውስጥ የገባ መስሏት ነው። ምግብ መፈለጓን ትታ፣ ጎጆዋን ትታ ትሟገታለች። ከከተማ ቅርብ በሆነ ደን ውስጥ በየሳምንቱ ሰው መጥቶ ይህን ቢያደርግባት ቦታውን ትለቃለች። ዝም ብለህ ተቀመጥ። ካትበርድ ራሷ ትመጣለች፣ ፍሬ ያለበት ዛፍ ሥር መጠበቅ ነው።


መንገድ መሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔ እንግዶች ይዤ እነዚህን ቦታዎች እዞራለሁ። ለአዳዲሶቹ የሚጠቅም ጥቂት ነገር ልበል።

ገፈርሳ የመጠጥ ውሃ ግድብ ነው። ጥበቃዎቹን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ወፍ ልናይ ነው በሏቸው፣ ካሜራችሁን ወደ ግድቡ አታዙሩ። ሰላምታ በኦሮምኛ ስትጀምሩ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። አካም ቡልተን ማለት ብቻ ይበቃል። እረኞቹን ሳታነጋግሩ አትለፏቸው። ዝይዋ ትናንት የት እንደዋለች የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ግቢ ዳር ዳር ስትሄዱ ውሻ አለ፣ ለብቻ አትሂዱ። ደግሞ ሳሩን ረግጣችሁ ወደ ወፍ አትግቡ፣ ከዳር ሆናችሁ እዩ።

ገፈርሳ የማይመቻችሁ ደቡብ በኩል አቃቂና የአባ ሳሙኤል ግድብ አለ። የከተማው ፍሳሽ በወንዞቹ እየወረደ ስለሚገባበት ሽታው ይከብዳል፣ ያሳዝናል። ወፍ ግን ይበዛል። በበጋው ወራት ከሰሜን አውሮፓና ከሩስያ የሚመጡት ረጃጅም ግራጫ ክሬኖች አቃቂ ሜዳ ላይ የእህል ቃርሚያ ሲለቅሙ ይታያሉ። ትንሽ ራቅ ካላችሁ ደግሞ ቢሾፍቱ ጨለለቃ ላይ።


ጀማሪዋ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከበረንዳዬ መውረድ እፈልጋለሁ። የሱሉልታዋ፣ የተረፈውን ጨፌ ብታሳዪን ብዙዎቻችን የምንመጣ ይመስለኛል። ያየነውንስ የት ነው የምንጽፈው?


ማለዳ ተጓዥ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

እኔ መጀመሪያ ነኝ የምመጣው። የምናየውን ኢበርድ ላይ እናስገባ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ነፃ መመዝገቢያ ነው፣ ስልክ ላይ ይሠራል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ቁጥር። ገፈርሳን ሰው ይመዘግበዋል። የሱሉልታ የተረፉ ቦታዎች ግን የሚመዘግባቸው ያስፈልጋቸዋል። ስለ መሬቱ አንድ ቀን ውይይት ሲነሳ እዚህ ወፍ አለ ብሎ መናገርና ወራት የቆጠረ መዝገብ ይዞ መቅረብ ለየቅል ናቸው። በጥር አካባቢ በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፍ ቆጠራ ስለሚደረግ ከዚያ በፊት ቦታውን ማወቃችን ጥሩ ነው።


የሱሉልታዋ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡45

ኑ፣ በደስታ። እሁድ ከጠዋቱ 11፡30 ላይ አዲሱ ገበያ እንገናኝ፣ የሱሉልታ ሚኒባስ ያኔ ይጀምራል። ቦቲ ጫማ አድርጉ፣ ጠርዙ አሁንም ጭቃ ነው። ወንድሜ እዚያው ከብት ስለሚያግድ ነግሬዋለሁ፣ ላፕዊንጎቹ የሚያርፉበትን ያሳየናል። ከዚያ በኋላ ቁርስ እናቴ ቤት ነው፣ ስንት እንደምትሆኑ እስከ ዓርብ ጻፉልኝ።


መምህር ነኝ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

እኔ ሁለት ተማሪዎቼን ይዤ እመጣለሁ። ሦስት ሰው ቁጠሪልን።